ሲደክምሽ ጡጫሽን አንሺ

ፕላስተሩን በእህቷ ቁርጭምጭሚት ላይ ደግማ ስታዞረው ጫፉ ከጣቷ ጋር ተጣበቀ። በጥርሷ ነክሳ ቀደደችውና በአውራ ጣቷ ደልድላ አሳረፈችው።

"ጠበቀሽ?"

"ቢጠብቅስ ቢላላስ?" አለች ታናሽየዋ። የተቀመጠችው ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ነው። "የተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወለምታ የያዘው ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"እግርሽን አታንቀሳቅሺ።"

"ምናልባት ወንበሩ ሰባራ ከሆነ።"

ታላቅየዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሌላውን እግር ወደ ጭኗ ሳበችው። ክፍሉ የጎማና የላብ ሽታ አለው። መስኮቱ ኳስ እንዳይሰብረው በሽቦ ወንፊት ስለተሸፈነ ብርሃኑ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ተቆራርጦ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሌላው ኮሌጅ ልጆች ሲያሟሙቁ የጫማቸው ሲጥሲጥታ ይሰማል።

ሁለቱ እህትማማቾች በኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ የሚጫወቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ኳሱን ከኋላ ይዛ የምትወጣና ለሌሎቹ የምታድል አንዲት አጫዋች ታስፈልጋለች፤ እነሱ ደግሞ ሁለት ናቸው። ታላቅየዋ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስለሆነች ቡድኑ በሙሉ "እማማ" እያለ ያሾፍባታል። ታናሽየዋ የገባችው ዘንድሮ ነው፤ ቤት ውስጥ ሚጣ ነበረች፣ እዚህም ሚጣ ሆና ቀረች። አንደኛዋ ሜዳ ላይ ካለች ሌላዋ ወንበር ላይ ናት። ወንበሩ ላይ ያለችው ደግሞ ሁልጊዜ ሚጣ ናት። ውጤቱ ከለየለት በኋላ፣ ተመልካቹ ጃኬቱን እየደረበ ሲወጣ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ገብታለች። እሱም ገባች ከተባለ።

"እትዬ።"

"ወይ።"

"ዛሬ ካልገባሁ መለያውን እመልሳለሁ።"

"ባለፈውም ብለሻል።"

"ባለፈው ተናድጄ ነው። ዛሬ አልተናደድኩም።"

እማማ ቀና ብላ አየቻት። እውነቷን ነው፤ ፊቷ ላይ ንዴት የለም። ዕቃዋን ሸክፋ የጨረሰች ሰው ፊት ነው ያላት።

"ኮችን ንገሪያቸዋ።"

"ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'እህትሽን ጠይቂ።'" ሚጣ እግሯን ሰብስባ ተነሳች። "ጡጫሽን ማንሳት ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ። ቋጥኝ አንሺልኝ አላልኩሽም።"

ነገሩ የተጀመረው በዓመቱ መግቢያ ላይ ነበር። አሰልጣኟ እማማን ወደ ቢሮዋ ጠራቻት። ቢሮ ይባል እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና በከረጢት የታጨቁ የተነፈሱ ኳሶች ያሉበት ጠባብ ክፍል ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ "ዘንድሮ ዋንጫውን እፈልጋለሁ" ብሎ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ደግሞ "የከርሞው ቡድን የታለ? ልጆቹን አሳድጊ እንጂ፣ በአሮጊት እስከ መቼ?" ብሏል። አሰልጣኟ ይህን ስትናገር የኃላፊውን አንገት አወዛወዝ እያስመሰለች ነበር። እማማ ሳቀች።

"ትስቂያለሽ አይደል?" አለች አሰልጣኟ። "ነባሮቹን ካሳረፍኩ ተሸነፍኩ። ካላሳረፍኩ ከርሞ ባዶ ሜዳ ይዤ ልቀር ነው። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። አንቺ ራስሽን ታውቂያለሽ፣ ልጅ አይደለሽም። እኔ አላስወጣሽም። ሲደክምሽ ጡጫሽን አንሺ፤ ያኔ እህትሽን አስገባለሁ።"

እማማ ከዚያ ክፍል የወጣችው ደረቷ ሞልቶ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያከበራት ሰው የለም። ምን እንደተሸከመች የገባት ቆይቶ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሚጣን ወንበር ላይ ያስቀመጠችው አሰልጣኟ መሆኗ ቀረ። እራት ላይ፣ በጋራ መኝታቸው፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ሚጣ ዝም ባለች ቁጥር ዝምታው ወደ እማማ የሚመጣ ሆነ። እማማም ጡጫዋን አንስታ አታውቅም። ደክሟት ግን ያውቃል።

እናታቸው የመጡት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው ስለሚሮጡ ሜትሩ ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። እማማ ወደ መቀመጫዎቹ መከለያ ብረት ሄዳ ሳመቻቸው።

"ሜትርሽን ማውለቅ ረሳሽ።"

"መች ረሳሁት! ያንን ዳኛ ልለካው ነው። እስቲ እይው ሱሪውን፣ ቁርጭምጭሚቱ ሳይደርስ ሰልችቶት የቀረ። ማነው የሰፋለት፣ እግዜር ይይለት።"

"እማዬ፣ ይሰማሻል።"

"ይስማ፤ ያስረዝመዋ!" እናቷ ከቦርሳቸው የተላጠ ብርቱካን አውጥተው በእጇ አስያዟት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሁለተኛዋን ማሽን ወደ መስኮቱ አዞርኳት። አንቺ ቀኝሽ ላይ ብርሃን ስትፈልጊ አውቃለሁ። ዘይትም ቀባኋት። ይሄ ኳስሽ ሲያልቅ…"

"እሺ እማዬ።"

"ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል።"

ማሽኗ ታየቻት። መስኮት፣ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ ግድግዳ። ሜዳ ላይ ስትሆን ብቻ ነው የማትታያት። ከየትኛውም ክለብ "ነይ" ያላት የለም፤ የሚላትም አይኖርም። ዛሬ ከተሸነፉ የመጨረሻዋ ነው። ካሸነፉ አንድ ጨዋታ ይቀራታል፣ የዋንጫው። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ነው። ለዚህ ነው ደቂቃዎቹን እንደ ቁራሽ እንጀራ የምትሳሳላቸው። ይህንን ለማን ትንገር? ለእናቷ ብትናገር ዘይት የቀባው እጅ ያፍራል፤ ለሚጣ ብትናገር "እኔስ?" ትላታለች፤ እውነቷንም ነው።

"ስለ ሚጣ ምንም አልልሽም" አሉ እናቷ። "ሁለታችሁም ዓይኖቼ ናችሁ፣ የቱን ልጨፍን? ትናንት ግን ደውላ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ዘጋችው። ልጅቷ ዝም ስትል ደግሞ ታውቂያታለሽ።"

"አውቃታለሁ።"

"እኔማ እሷ ገብታ ላጨብጭብ ብል አንቺ ልትወጪብኝ ነው። እጄን የት ላድርገው?"

ብርቱካኑን ሳትበላው ፊሽካው ተነፋ።

ጨዋታው ከመጀመሪያው የማያላውስ ነበር። የተጋጣሚዎቹ አጫዋች አጭር፣ ፈጣን፣ እንደ ዝንብ የማትለቅ ልጅ ናት። እማማ በግራ ስትሄድ በግራ፣ በቀኝ ስትሄድ በቀኝ። ከእረፍት በፊት ልጅቷን ለማቆም ስትል ሦስት ፋውል ሠራች። አምስተኛው ከሜዳ እንደሚያስወጣ ሕፃን ያውቀዋል፤ ማንኛዋም አሰልጣኝ በሦስተኛው ላይ ተጫዋቿን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። አሰልጣኟ ግን የእማማን ዓይን አየት አድርጋ ጠበቀች። እማማ እጇን አላነሳችም።

ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ሚጣ ከወንበሯ ብድግ ትላለች። የጃኬቷን ዚፕ እስከ ግማሽ ታወርዳለች። ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ዚፑን መልሳ ትቀመጣለች።

"እማማ" አለች ምሰሶ የሚሏት ረጅሟ ልጅ፣ የቅጣት ኳስ ለመቀበል ጎን ለጎን ሲቆሙ። "ጡረታ መቼ ነው የምትወጪው? ልጅቷ ዚፕ ጨረሰች እኮ።"

"ኳሱን ያዢ አንቺ።"

"እይዛለሁ፣ ምን ገዶኝ። ዚፑ አሳዝኖኝ ነው።"

በሦስተኛው ሩብ አራተኛው ፋውል መጣ። ዳኛው አራት ጣቱን ለጠረጴዛው ሲያሳይ አዳራሹ ጉርምርም አለ። እማማ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ተንጠባጠበ። አሁን ብታነሳ ማንም አይወቅሳትም። እጇም ተንቀሳቀሰ። ግን ቀና ስትል ሰሌዳው ላይ የሚቀንሰውን ሰዓት አየች፤ ከሰዓቱ ኋላ የማሽኗን መስኮት። እጇን ላቧን ለመጥረግ ያነሳችው አስመሰለችው።

በመጨረሻው ሩብ በአምስት ነጥብ ይመሩ ነበር። ከሜዳ የወጣ ኳስ እስኪመለስ ድረስ ወደ ወንበሮቹ ዞር አለች። ሚጣ በዚህኛው ፊሽካ አልተነሳችም። ዚፑ እስከ አገጯ ተዘግቷል። ጎንበስ ብላ፣ የቀኝ ጫማዋን አውልቃ፣ ያንን ፕላስተር እየላጠችው ነው። አትቸኩልም። አንዱን ዙር ትልጣለች፣ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ወደ ሚቀጥለው ትሄዳለች።

እማማ ጡጫዋን አነሳች።

ቀላል ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገረማት። ክንዷን ከራሷ በላይ ዘርግታ ቆመች። ምሰሶ አየቻት። አጭሯም ተጋጣሚዋ አየቻት። እናቷም ሳያዩ አልቀሩም። አሰልጣኟ ሰሌዳውን እያየች ነበር።

"ኮች!" አለች እማማ።

አሰልጣኟ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ጡጫውን አየችው፣ ይህ አያጠራጥርም። ከዚያ ረጋ ብላ ጎንበስ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ማሰሪያ የሌለው ነበር።

ኳሱ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ጨዋታው ቀጠለ። እማማ እየሮጠች ነው፣ ግን እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቁልፉ በእጇ ነው ተብላ የኖረችበት ቤት በር አልነበረውም። ግድግዳው ላይ በር ሥለውላት ነበር። ሚጣም የተናደደችው በዚያ ሥዕል ነው፤ እሷም እንቅልፍ ያጣችው በዚያ ሥዕል ነው። ደግማ ጡጫዋን አነሳች። አሰልጣኟ አሁን ከረዳቷ ጋር እያወራች ነበር።

አጭሯ ልጅ ኳሱን ነጥቃ ወደ ፊት ተፈተለከች። እማማ ተከተለቻት። ልትደርስባት ትችል ነበር፤ ኳሱንም በንጹህ ከጎን ልትነካው ትችል ነበር፣ ስንቴ አድርጋዋለች። ከኋላ ደረሰችና ሁለት እጇን በልጅቷ ወገብ ላይ ጠመጠመች። በኃይል አልነበረም። መኪና ሳያይ መንገድ ሊሻገር የሮጠን ሕፃን እንደሚይዙት ያዘቻት። ልጅቷ ራሷ ግራ ገብቷት ዞራ አየቻት።

"ይቅርታ" አለች እማማ።

ፊሽካ። ዳኛው አምስት ጣቱን ዘርግቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ሱሪው እውነትም አጭር ነው።

አዳራሹ ጮኸ። አሰልጣኟ ሁለት እጇን በራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። "ሚጣ!" አለች፤ ሌላ የምትጠራው አልነበራትም። "ሚጣ፣ ተነሺ!"

ሚጣ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ጫማዋን እንዴት እንዳጠለቀችው እግዜር ይወቀው። ዚፑን ወደ ታች ስባ ጃኬቱን ገልብጣ አውልቃ ጣለችው። ነጩ መስመር ላይ ተላለፉ፤ እጅ ለእጅ መመታታት ደንብ ነውና ተመታቱ።

"ጡጫ ነው ያልኩሽ" አለች ሚጣ። "ፋውል አልኩሽ?"

"አንስቼ ነበር።"

"መቼ?"

"ግቢ። ያቺ ዝንብ በግራ ነው የምትወደው።"

እማማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የሚጣ ሙቀት ገና አልለቀቀውም። አሰልጣኟ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ ሜዳውን እያየች በከንፈሯ ጫፍ ተናገረች።

"ምን ነካሽ አንቺ?"

"ደከመኝ።"

"በአምስት ነጥብ እየመራን?"

"አይተውኛል፣ ኮች።"

አሰልጣኟ ፊቷን በመዳፏ ከላይ ወደ ታች አበሰችው፤ ድካሙ ግን እዚያው ነበር። ከላይኛው መደዳ ላይ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ አንገቱን እያስረዘመ ወደ ታች ያያል።

"መቼም ታነሺዋለሽ ብዬ አላሰብኩም" አለች አሰልጣኟ። "አንቺን ባውቅሽ ነው እኮ ያልኩሽ።" ከዚያ ወደ መስመሩ ሄደች፤ መጮህ ነበረባት።

አጭሯ ልጅ ሁለቱንም የቅጣት ኳሶች አገባች። ሚጣ የመጀመሪያዋን ኳስ ይዛ ወጣች። ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ዝንቧ ነጠቀቻት። አገባች። አምስቱ ነጥብ አንድ ሆነ። ከኋላ አንዱ "እማማን መልሷት!" ብሎ ጮኸ፣ ደንቡን የማያውቅ ሰው። የሚጣ አንገት ላይ የተገተረው ሥር ከወንበሩ ይታያል። ኳሱን እንደገና ተቀበለች።

እማማ ወደ መቀመጫዎቹ ዞረች። እናቷ ሜዳውን አያዩም ነበር። ሁለት እጃቸው የሜትሩን ሁለት ጫፍ እንደያዘ እሷን ነው የሚያዩት፤ በአገጫቸው "ምን ሆንሽ?" ይሏታል። በአገጯ "ወደዚያ እዪ" አለቻቸው። አላዩም። ማሽኗ አጠገብ ስትቀመጥም እንዲሁ እንደሚያዩዋት አወቀች፣ በየቀኑ፣ በቀኟ በኩል ካለው ብርሃን ጋር።

ከሜዳው የኳሱ ድምፅ ይመጣል፤ ይመታል፣ ይመታል። ሚጣ እንዳልተነጠቀች ከድምፁ ታውቃለች። ለጊዜው።

የሚጣ ጃኬት እግሯ ሥር ወድቋል። አነሳችው። ሁለቱም እጅጌዎች ተገልብጠዋል፤ አንዱ ውስጥ እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ መለሰችው፣ ቀጥሎም ሌላውን። ኮሌታው ላይ የተላጠ ፕላስተር ተጣብቆ ነበር፤ በጥፍሯ አነሳችው፤ ወንበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፉትንም አንድ በአንድ አንስታ በመዳፏ አድበልብላ ካልሲዋ ውስጥ ወሸቀችው። ዚፑን ከታች እስከ ላይ ዘጋች። እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ለሁለት አጠፈችው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካከለች። ከዚያ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።