ሰባተኛው ድምፅ

ጌቱ የሠራውን ጥለት በሩቅ ያውቀዋል። ሌላው ሰው የልጁን ድምፅ ከሰፈር ልጆች ጫጫታ መሃል እንደሚለይ፣ እሱም ሽሮ ሜዳ ላይ ከተሰቀለው ነጠላ ሁሉ የራሱን አንድ ባንድ ለቅሞ ማውጣት ይችላል። ይህ ችሎታው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር። ያን እሁድ ግን ቸርች ውስጥ፣ ዝማሬው ገና ሳያልቅ፣ ሁለት ወንበር ቀድማው የቆመችውን ሚልካን ሲያይ ዓይኑ ነጠላዋ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ወይን ጠጅ ጥለት፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ወርቃማ ክር። ጥርጥር የለውም፣ የሱ ሥራ ነው። ከወር በፊት ነጋዴው ቤዛብሕ ጌቱ የሚሸምንበት ሼድ ድረስ መጥቶ ያዘዘው ነው። «አደራ ጌቱ፣ እጅህን አሳየኝ፤ ለአንድ ለከበረ ሰው የሚሄድ ነው» ብሎት ነበር። ጌቱ የከበረው ሰው ማን ይሆን ብሎ አልጠየቀም። ነጋዴ የሚያከብረው ሰው መቼም አይጠፋም።

አሁን ታወቀ። ሚልካ የኢዮሲያስ ሚስት ናት። ኢዮሲያስ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነው፤ ብሎም በሚቀጥለው ሐሙስ የሸማኔዎቹን ሼድ ጉዳይ ከሚወስኑት ሰባት የቋሚ ኮሚቴ አባላት አንዱ ነው። ሼዱ ፈርሶ ቦታው ለገበያ ሕንፃ እንዲሰጠው ላይ ታች የሚለው ማን ነው ቢባል ቤዛብሕ። ጌቱ ነገሩን ገጣጠመና ደሙ ፈላ። የዚያን ቀን ስብከት ስለ ምን እንደነበር ቢጠየቅ አንዲት ቃል አይመልስም።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሼዱ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው፤ አርባ ሸማኔ ይሠራበታል፣ አርባ ቤተሰብ ይበላበታል። ወረዳው «አትባረሩም፣ ትዛወራላችሁ እንጂ» ብሏል። ሸጎሌ አዲስ ሕንፃ አለ፤ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሰፋፊ፣ ሊፍትም ሊገባለት የታሰበ። ሸማኔ ግን የሚሠራው እግሩን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ከትቶ፣ መርገጫውን እዚያ ታች እየረገጠ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ ቆፍር ቢሉት እግሩን የሚያንጠለጥለው ሦስተኛ ፎቅ በተቀመጠው ሰው ራስ ላይ ነው። ይህን ለወረዳው ሦስት ጊዜ አስረዱ። ሦስቱንም ጊዜ «ሐሳባችሁ ተይዟል» ተባሉ።

ተስፋቸው ኢዮሲያስ ነበር። እሱ ራሱ ሸማኔ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጌቱ ጎን ተቀምጦ ሠርቷል፣ ከአንድ ሳህን በልተዋል። ሲመረጥ ሸማኔው ሁሉ በትከሻው ተሸክሞት ዞሯል። ምክር ቤት ከገባ ወዲህ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ እጁን ከድጋፍ በቀር ለምንም ሲያነሳ ያየው የለም። መንገድ ይቆፈር ሲባል ይደግፋል፣ የተቆፈረው ይደፈን ሲባልም ይደግፋል። አንዴ ጌቱ፣ «አንተ፣ ተቃውመህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ኢዮሲያስ ሳቀና፣ «ተቃውሞዬን ለቁም ነገር እያስቀመጥኩት ነው» አለው። ያኔ አብረው ሳቁ። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለው ጌቱ ጥርሱን ነከሰ።

ቤት እንደገባ ለሚስቱ ለመሠረት ነገራት።

«ታዲያ ሂድና ጠይቀዋ» አለች፣ የልጆቹን ዩኒፎርም እያጠበች።

«ምን ብዬ? ተሸጠሃል ወይ ልበለው? እሺ ተሸጫለሁ የሚለኝ ይመስልሻል?»

«ምን እንደሚልህ ሳትሰማው በምን አወቅክ? አባትህ ቢሆኑ ዱቡሻ ላይ አቁመው ይሰሙት ነበር። ሰውዬው ተሰምቶ ነገሩ ሳይጠራ እዚያ ሌላ ነገር ይቆረጣል?»

አይቆረጥም። ዱቡሻ በጋሞ አገር ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው ነውር አለበት ከተባለ እሱ ከነውሩ እስኪጠራ ድረስ ጉባኤው ሌላ ወሬ አያነሳም፤ ሳምንት ቢፈጅም ይፈጃል። ጌቱ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ከሚስቱ ንግግርም ጆሮው የያዘው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሰውዬውን ጠይቀው ያለችውን እንዳልሰማ አለፈው።

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ማስረጃ አይቸግረውም። ሰኞ ጌቱ ክር ሊገዛ አዲሱ ገበያ ወርዶ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ኢዮሲያስ ከቤዛብሕ መኪና ሲወርድ አየው። ከፊት ወንበር! ጎንበስ ብሎም በመስኮቱ የሆነ ነገር ተናግሮ ሳቀ። ጌቱ ከአንድ ሚኒባስ ጀርባ ተከልሎ፣ ረዳቱ «ወንድም፣ ትገባለህ ወይስ ትደገፋለህ?» እስኪለው ድረስ አፍጥጦ ቆመ።

ማክሰኞ ደግሞ ኢዮሲያስ ሳይጠራ ሼዱ መጣ። ሁሉንም በስማቸው እየጠራ ሰላም አለ። ከዚያ በጌቱ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ «ይሄ ነገር ስንት ክንድ ይሆናል?» አለ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«እንዲያው ልወቀው ብዬ።»

«አሥራ አንድ ዓመት እግርህን ከተህበት አታውቀውም?»

ኢዮሲያስ ፊቱን አየት አደረገው። የሆነ ነገር ሊል አስቦ ተወው፤ በክንዱ ለክቶ፣ ስልኩ ላይ ጽፎ ሄደ። ጌቱ ከኋላው እያየው ነገሩ ገባኝ አለ። የሚደፈን ጉድጓድ ነው የሚለካው፤ ስንት መኪና አፈር እንደሚበላ ሊነግራቸው ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያን ቀን አንዲት ስንዝር ሳይሠራ ዋለ።

ማታውኑ ደብዳቤ ጻፈ። ከክፍለ ከተማ ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤቱ ቃሉን አቀበለው፤ «የጥቅም ግጭት በል» አለው፤ «እሱን ካልክ ዝም ሊሉህ አይችሉም»። ጌቱም የጥቅም ግጭት አለ። ነጠላውንም መኪናውንም ዘረዘረ፤ ኢዮሲያስ አይወክለንም አለ። ረቡዕ ጠዋት ሼዱን ዞሮ አርባ ፊርማ ሰበሰበ። አንዳንዱ ደንግጦ፣ አንዳንዱ «እኔስ ድሮም አላማረኝም» እያለ ፈረመ። ጌቱ ደብዳቤውን ለወረዳው ሲያስገባ ያሰበው ግልጽ ነበር፤ ደብዳቤው ሲነበብ ስብሰባው ይቆማል፣ የኢዮሲያስ ነገር እስኪጣራ የሼዱ ነገር ይንጠለጠላል፣ እነሱም ሁለት ሦስት ወር ያገኛሉ። በዱቡሻ እንደዚያ ነዋ የሚሆነው።

ሐሙስ ጠዋት ሸማኔዎቹ ወረዳው በር ላይ ተሰበሰቡ። ጌቱ ብቻ በወኪልነት እንዲገባ ተፈቅዶለት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሰባቱ አባላት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበዋል። ሰብሳቢው አቶ ኃይለ መለኮት መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

ኢዮሲያስ ብድግ አለ። መጀመሪያ ያየው ሰብሳቢውን ሳይሆን ጌቱን ነበር።

«ነጠላውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከሚልካ ጋር ከተጋባን ሃያ ዓመታችን ነው። ሌላ ሰው እንዲሠራው አልፈለግሁም። በቤዛብሕ ሱቅ በኩል ያዘዝኩት፣ እኔ መሆኔን ካወቀ ጌቱ ዋጋውን ስለማይቀበለኝ ነው። አንድ ጣራ ሥር የሠራን ሰዎች የእጅ ዋጋ አንቀባበልም። ልጁ ኮሌጅ እንደገባና እንደቸገረው ደግሞ አውቃለሁ። ሙሉ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ።»

ጌቱ ጆሮው ጋለ። ነገሩ እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባው። ኢዮሲያስ ራሱ ቢያዘው በእርግጥ ዋጋውን አይቀበለውም ነበር። አፍሮ አንገቱን ደፋ።

«መኪናውስ?» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት።

«ሰኞ ዝናብ ነበር። መንገድ ላይ አግኝቶኝ ጫነኝ። በቃ ይኸው ነው።»

ጌቱ ቀና አለ። ሰኞ ዝናብ ነበር እንዴ? ሚኒባሱ ጀርባ የቆመበትን ሰዓት ለማስታወስ ሞከረ። ልብሱ ረጥቦ ነበር? አስፋልቱስ? ቢጨንቀው ቢጠበው አልመጣለት አለ። ሐፍረቱም ጥርጣሬውም ባንድ ላይ ደረቱ ውስጥ ተጋፉ።

«ደረሰኝ ይዘዋል?»

«ቤት አለ። ዛሬ እንደምጠየቅ በምን አውቄ?»

ሰብሳቢው ደብዳቤውን አጣጥፈው ፋይል ውስጥ ከተቱት። «እንግዲህ ሥርዓቱ ግልጽ ነው» አሉ፣ ምንም ስሜት በሌለው ድምፅ። «ቅሬታው በሌላ ቀን ይጣራል። እስኪጣራ ድረስ አቶ ኢዮሲያስ በዚህ አጀንዳ ላይ አይናገሩም፣ ድምፅም አይሰጡም። አጀንዳው ግን ዛሬ ያልቃል።»

ጌቱ ሳያስበው ከመቀመጫው ተነሣ። «እንዴት ያልቃል? የሰውዬው ነገር ሳይጠራ?»

«ወንድሜ፣ ታዛቢ አይናገርም። ይቀመጡ።»

ኢዮሲያስ ከፊቱ የነበረውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሁለት ገጽ የሞላ ጽሑፍ ነበር፤ ምን እንደተጻፈበት ጌቱ ከኋላ ሊያይ አልቻለም። ኢዮሲያስ በአጠገቡ አልፎ ወጣ፤ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ደራርቱ የምትባል አንዲት አባል ብቻ፣ «እነዚህ ሰዎች ፎቅ ላይ እግራቸውን የት ሊያደርጉት ነው? ይህን የሚያስረዳን ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። የሚያስረዳው ሰው ኮሪደር ላይ ነበር። የሚችለው ሌላው ሰው ደግሞ ታዛቢ ነህ ተብሏል። አቶ ኃይለ መለኮት ሰዓታቸውን አዩ።

«የምትደግፉ?»

ሦስት እጅ ወጣ፤ አንዱ የራሳቸው ነው።

«የምትቃወሙ?»

ጌቱ ማንም እጁን አያነሳም ብሎ አስቦ ነበር። የደራርቱ እጅ ተነሣ። ከጎኗ ያለው ሽማግሌ ተከተለ። ከወዲያ ጥግ ሌላ አንድ ሰው፣ ጌቱ ስሙን እንኳ የማያውቀው፣ እያመነታ አነሳ። ጌቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ሦስት። ሦስት ሰው ከነሱ ጋር እንደነበረ አርባዎቹም አያውቁም ነበር፤ የጠየቀም የለም።

«ሦስት ለሦስት» አሉ ሰብሳቢው። «ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያልፋል። ውሳኔው ጸድቋል። ወደሚቀጥለው።» የሚቀጥለው አጀንዳ ስለ ቆሻሻ ገንዳ ነበር።

ጌቱ ተነሥቶ ወጣ። ኢዮሲያስ ኮሪደሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል።

«ስንት ለስንት?» አለ።

«ሦስት ለሦስት።»

ኢዮሲያስ ዓይኑን ጨፈነ።

«አንተ...» አለ ጌቱ። «እ... ማለቴ፣ ብትገባ ኖሮ ምን ልትል ነበር? ትቃወም ነበር?»

«ብነግርህ ታምነኛለህ?»

ጌቱ አምንሃለሁ ለማለት አፉን ከፈተ። ከልቡ ሊለው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ዓይኑ፣ ያ ጥለት የለመደ ዓይኑ፣ የኢዮሲያስን ፊት እየፈተሸ ነበር፤ ከንፈሩን፣ ቅንድቡን፣ እጁ ወደ የት እንደሚሄድ። ኢዮሲያስ መፈተሹን አየ። ተነሥቶ ኮቱን አራገፈና በኋላ በር በኩል ወረደ። ጌቱ ሊከተለው ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ምን ብሎ ሊጠራው እንደሚችል አላወቀም።

በፊተኛው በር ሲወጣ ሸማኔዎቹ ከበቡት። ክር የሚፈትሉላቸው እማማ ባዩሽ ሰውን በክርናቸው እየገፉ ከፊት ደረሱ።

«እህ? ምን አሉ?»

«ጸደቀ። እንነሳለን።»

አንዱ ራሱን ያዘ፣ አንዱ ወደ ሰማይ አንጋጦ ጮኸ። «በስንት ተሸነፍን?» አሉ እማማ ባዩሽ።

«በአንድ ድምፅ።»

«ውይ! በአንድ? የማን ናት?»

«የማን ትሆናለች፣ የዚያ ከሃዲ ናት እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። የኢዮሲያስ ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ጌቱ ሰማ። ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሁሉም ያምነዋል፤ ራሱ ነው ያሳመናቸው። ነገ አብረውት ይራገማሉ፣ ሸጎሌም አብረውት ይሄዳሉ፣ ማንም አንድም ቀን ክፉ ዓይን አያሳየውም።

«የኔ ናት» አለ ጌቱ።

እማማ ባዩሽ አልገባቸውም። ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለስ አደረጉና ግራ ተጋብተው አዩት። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እዚያ ውስጥ ድምፅ ያለህ?» አሉት።

ጌቱ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀና፣ ከእሁዱ ጀምሮ ይነግራቸው ጀመር።