የዘነፈው ሰማያዊ

ማክሰኞ ይመስለኛል፣ ረቡዕም ሊሆን ይችላል፣ ትዝታዬን ብዙ አላምነውም፣ ዝናብ እንደነበር ግን አውቃለሁ፣ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ነበር፣ ቢጫውን ቅጠል በመጀመሪያው የእንጨት ሰሌዳ አተምኩ፣ ሰማያዊውን በሁለተኛው፣ ወረቀቱን ሳነሳው ሰማያዊው ከቢጫው ላይ ዘንፎ ወደ ጠርዙ ወጥቷል፣ በመሃላቸው ነጭ ክር የመሰለ ክፍተት። አበላሸሁት። ልቀደው እጄን ስሰድ የምሠራላት ሠዓሊ ከኋላዬ፣ ተው ተው፣ እንዳትነካው ወንድሜ፣ እየተነፈሰ እኮ ነው።

እየተነፈሰ!

አሁን ያ ቅጠል ስድስት ሜትር ጨርቅ ሆኖ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥሏል፣ እኔ በተዋስኩት ኮት ከፊቱ ቆሜያለሁ፣ የጋለሪዋ ባለቤት በማይክራፎን የሠዓሊዋን ታሪክ ትተርካለች፣ አገሯን ትታ በአንድ ሻንጣ መጣች፣ ከአምስት ሰው ጋር በምትጋራው ወጥ ቤት ሥዕል ሣለች፣ የገዛላት የለም፣ ከዚያ እንጨት መቅረጽና ማተም፣ ከዚያ የጨርቅ ዲዛይን፣ ከዚያ ይህ ሁሉ ጭብጨባ። እኔ የትኛው ከዚያ ውስጥ ነኝ? አራት ዓመት እሷ የምትቀርጸውን ሰሌዳ ቀለም የቀባሁ፣ ወረቀቷን ያስተካከልኩ፣ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ በስሜ አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ አልወጣም፣ እሷ ግን ወንዱን አንቺ ሴቷን አንተ እያለች የጀመረች ሴትዮ። ቅናት ነው። ሌላ ስም ልፈልግለት ሞከርኩ፣ የለውም።

እናቴ እንኳ ይኸው ቅጠል የታተመበትን ሻርፕ ገዝታ መስታወት ፊት ስትዞር፣ አየኸው ልጄ፣ እዚያ እናንተ ዘንድ ያለችው ናት አሉ የሠራችው፣ በሰው አገር መጥታ እንዲህ፣ አንተስ? አንተስ። ያ ነጭ ክፍተት የኔ ስህተት ነው ልላት ፈልጌ ነበር፣ ማን በስህተቱ ይኮራል።

ማስመሪያው! የማተሚያ ቤቱ አለቃ ነው፣ ብርጭቆ ይዞ፣ ጨርቁን ለክተህ ጨረስክ ወይስ ሜትር ላምጣልህ? ሠራተኛው ሁሉ ማስመሪያው ነው የሚለኝ፣ ፀጉር ታክል መዛነፍ ስለማልወድ፣ በሕይወቴ አንዴ ሳትኩ፣ እሷንም አንዷን ስህተት ሰው ወሰዳት፣ ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይሄ ነው፣ ወተቷን ሌላ ይጠጣል።

ና እንጂ ወንድሜ፣ ትላለች ሠዓሊዋ ከወዲያ፣ ጥፍሯ ውስጥ ዛሬም ሰማያዊ አለ፣ ምን እንደ ተቀጣ ተማሪ ጥግ ይዘህ ትቆማለህ፣ ወደ ጋለሪዋ ባለቤት ዞራ፣ ያተመው እሱ ነው፣ እንዴት እንደተሠራ እሱ ይንገርሽ። ይሄው። የአራት ዓመት በር ወለል ብሎ ተከፈተ፣ ሴትዮዋ እስክሪብቶ ይዛለች፣ የምለው በጋለሪዋ መጽሔት ይወጣል፣ ካልተናገርኩ እስከ ዘላለሙ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ከተናገርኩ የሠዓሊዋን ሥራ ከእጇ ላይ እነጥቃታለሁ፣ ልተወው፣ አልተወውም።

ያዛነፍኩት እኔ ነኝ፣ እላለሁ፣ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ይጮኻል፣ እሷ አስባበት አይደለም፣ ወረቀቱን ሳስቀምጥ እጄ ሳተ።

አለቃው ሳቁን ያቋርጣል። እሷ ትክ ብላ ታየኛለች፣ እጅህ ሳተ? አንተ? አንተ መቼ ስተህ ታውቃለህ? አንዴ፣ እላለሁ፣ ያን ቀን። ቅንድቧ ከፍ ይላል፣ አሁን ልትክድ ነው፣ አሁን ልታዋርደኝ ነው፣ ግን ብርጭቆዋን አስቀምጣ ለጋለሪዋ ባለቤት፣ ይሁን፣ እንዳለው ጻፊው፣ ትላለች፣ ስሙንም በትክክል ጻፊ፣ የኔን ስም ሲጽፉ ሁሌ ፊደል ይጥላሉ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ይሮጣል፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ጆሮዬ ነው የሚግለው፣ ለምን አልተከራከረችም፣ ሰው እንዴት የራሱን ነገር ዝም ብሎ ይሰጣል፣ የራሱ ካልሆነ በቀር፣ ወይም...

በማግስቱ ሠራተኛ ሳይገባ ሁለቱን ሰሌዳዎች ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ ወረቀቱ ከሚያርፍበት ጥግ እስከ ቅጠሉ ጫፍ ለካሁ፣ ቢጫው አርባ ሁለት ሚሊሜትር፣ ሰማያዊው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሦስቴ ደገምኩት። በሰማያዊው ሰሌዳ ላይ፣ አርባ ሁለት ላይ፣ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አለ፣ ተሰርዟል፣ ከጎኑ በሠዓሊዋ እጅ ጽሑፍ ሦስት ሚሊሜትር የሚልና ወደ ጠርዙ የሚያመለክት ቀስት። ያን ቀን እጄ አልሳተም።