ዳማውን ያኮላሸሁበት ምክንያት

ዳማ ፈረሴን ለምን እንዳኮላሸሁት ለሚጠይቀኝ ሁሉ «አርጅቷል፣ ይረፍ ብዬ ነው» እላለሁ። ውሸት ነው። ዳማው ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ ድንጉላ ፈረስ ሃያ ዓመት እስኪሞላው ባዝራ ሲያጠቃ ነው የኖረው። የአገሬ የገጫ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ስልሳ አራት ዓመት የሞላውን ዓባይነህን ፊት ለፊት «ዋሸህ» የሚል ማን አለ? በጨዋ ሰዎች መካከል መኖር ለዋሾ ይመቻል፤ እኔ ሲመቸኝ ኖሬያለሁ።

ፈረሴን «የጣሊያኑ ፈረስ» ነው የሚሉት። ባየ የሚባለው አያቴ በጣሊያን ጊዜ ካምፕ ውስጥ ፈረስ ጠባቂ ነበር፤ ወዶ ሳይሆን ተይዞ። ጣሊያኖቹ ጋሪና መድፍ የሚጎትቱ ደረተ ሰፊ ድንጉላዎች ከባሕር ማዶ አምጥተው፣ የአገሬው ሰው ባዝራውን እያመጣ እንዲያስጠቃ ያዝዙ ነበር። ለእኛ አዝነው አይደለም፤ የሚወለደውን ለራሳቸው ጋሪ ፈልገው ነው። ሲባረሩ አንድ ውርንጭላ አያቴ እጅ ቀረ። የዳማው ዘር ከዚያ ይመዘዛል እያልሁ በየሠርጉና በየለቅሶው አውርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ዘሩ በየትውልዱ እየተቀላቀለ የጣሊያን ነገር የቀረው ደረቱ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረውን እኔ በአፌ ሞልቼዋለሁ።

አያቴ ከካምፑ አንድ ልማድም ይዞ ወጥቷል። ድንጉላውና ባዝራዋ ከመገናኘታቸው በፊት የድንጉላው ባለቤት ጭራውን ከፍ ያደርጋል፤ የባዝራዋ ባለቤት ጎንበስ ብሎ ቁስል ወይም እብጠት እንዳለ ያያል። ቀጥሎ ባዝራዋም እንዲሁ ትታያለች። አያቴ «ሳታዩ አላገናኝም» ይል ነበር አሉ። በአባቴ ጊዜ ማየቱ እየላላ መጣ። በእኔ ጊዜ ጭራው ከፍ ይላል እንጂ የሚያይ የለም። የባዝራዋ ባለቤት ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ «በእርስዎ ላይ ምን አያለሁ!» ይላል። ጎንበስ ብሎ ያየ ባለፈረሱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ገንዘብ አይከፈልም፤ ለድንጉላው አንድ ቁና ገብስና ጨው ይመጣል፣ በቃ።

አምና በጥር የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ረድኤት ለክትባት መጣች። የከተማ ልጅ ናት፣ ልማዳችንን አታውቅም። የዳማውን ጭራ ራሷ አንሥታ ጎንበስ ብላ አየች። ደሜ ፈላ። እሷ ግን ቶሎ ቀና አላለችም።

«ጋሼ፣ ይህ እብጠት መቼ ጀመረው?»

«ዝንብ ነክሶት ነው» አልኋት።

«ነጫጭ ቦታም አለው። በጥቂ፣ ሲገናኙ የሚተላለፍ በሽታ እንዳይሆን እፈራለሁ። ደሙን ወስጄ እልካለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ ባዝራ እንዳያስጠጉት። ባዝራዋ ከያዛት መጀመሪያ ትከሳለች፣ ኋላም የኋላ እግሯ ይሰንፋል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለኝም።»

«እሺ ልጄ» አልሁ።

ለሁለት ሳምንት ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠብሁት። እብጠቱ ጎደለ፤ ነጫጩ ቦታ ግን አለ። ዳነ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ቢሆንም የገጫ ሰው ባዝራ ይዞ ሲመጣ «ዝናቡ ይለፍ»፣ «እግሩን አሞታል» እያልሁ መለስሁ። ረድኤት እዚሁ ናት፤ ትሰማለች። ይህን ልብ በሉልኝ። ለጎረቤቶቼ ተጠንቅቄያለሁ።

በመጋቢት፣ በገበያ ቀን፣ አንድ አይሱዙ ገበያው ዳር ቆመ። ከላዩ አንዲት ባዝራ በመከራ ወረደች፤ ከኋላዋ ቀጭን ሰው ወረደ። ቲቶ ይባላል፤ ከሚዛን አማን የመጣ ባለጋሪ ነው።

«የጣሊያኑ ፈረስ ቤት በየት ነው?» ብሎ ሰውን ሁሉ ጠየቀ።

ገበያው ዞሮ እኔን አየ። ጨው ሻጩ ሸዋንግዛው «ዓባይነህ፣ ከሚዛን ድረስ መጡልህ እኮ!» አለና ሣቀ። በዚያች ሰዓት «ፈረሴ ታሟል» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ግን የገበያው ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ ሦስት ትውልድ የተወራለት ፈረስ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ከሩቅ ነው፣ የሚሆነው ቢሆን እዚህ ማን ይሰማል? አዎ፣ እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ። አፌን ሞልቼ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ቤቱ ያውልህ» አልሁት።

ሁለት ሌሊት ቤቴ አደረ። ቆጮ በጎመን እየበላን ስለ ባዝራው አጫወተኝ። ስሟ ሸጌ ነው። አስፋልቱን ባጃጅ ወስዶበታል፤ የእሱ ሥራ ባጃጅ የማይገባበት ጭቃ ውስጥ ነው። ቡና ሲለቀም ጆንያውን ከየጓሮው እስከ መኪናው መንገድ ያወጣል። ሸጌ ጎበዝ ናት፣ ግን ትንሽ ናት። ከዳማው የሚወለደው ውርንጭላ ሲያድግ ጭቃውን ይችላል፣ እሷም ታርፋለች። ተስፋው ይኸው ነበር። አለንጋ የለውም፤ «ምን ያደርግልኛል፣ ትሰማኛለች» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳማውን አወጣሁ። ጭራውን ያዝሁ። ቲቶ ጎንበስ ቢል ያያል፤ ቢያይ እኔም እገላገላለሁ፣ ሸጌም ትተርፋለች። ከፍ አደረግሁት።

ገበያው ልማዳችንን ነግሮት ኖሮ፣ ቲቶ ባርኔጣውን አወለቀና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። «በእርስዎ ላይ ምን አያለሁ፣ ጋሼ! ጌታ ይባርክዎት» አለ።

ጭራውን ለቀቅሁት።

በነሐሴ ስልክ ደወለ። ሸጌ አስወርዳለች፣ ከስታለች፣ አንድ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። «እርስዎ ፈረስ ያውቃሉ፤ ምን ላድርግላት?» አለኝ። ረድኤት ዘንድ ሄጄ የደሙን ነገር ጠየቅሁ። መልሱ በሰኔ መጥቶ ነበር፤ በሽታው ያው ያለችው ነው። እኔን ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ ፈልጋኝ ነበር። የት ነበርሁ? እሷን ሳይ እንሰት ጓሮ ገብቼ እየተደበቅሁ ነበር። በስልሳ አራት ዓመቴ።

በማግስቱ ወደ ቴፒ ወረድሁ፤ ከቴፒ ሚዛን ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። አማን ስደርስ ቲቶ ከደጅ ወጥቶ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ሸጌ ከቤቱ ጀርባ አቮካዶ ዛፍ ሥር ቆማለች። አጥንቷ ተቆጥሮ ያልቃል። የኋላ እግሯን ኮቴ ገልብጣ በጀርባው ትረግጣለች፣ ታቃናዋለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች። ጋሪው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ዶሮ ሰፍሮበታል። ቡናው መቅላት ሊጀምር ሁለት ወር አይሞላም።

«ገንዲ ነው ይላሉ፣ የቆላው ዝንብ የሚያመጣው» አለ ቲቶ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አርግዛ ጋሪ ላይ አዋልኋት።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ልክ ላጽናናው የመጣሁ ይመስል ራሴን ነቀነቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያ ቆሜም ዐይኔን በጨው አጥቤ «ገንዲ ይሆናል» ልል ነበር።

ያኔ ጓደኛው ፍቅሩ መጣ፤ እሱም ባለጋሪ ነው። በእጁ ጨው በፌስታል ይዟል። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ ቲቶ ስለ ፈረስዎ ነግሮኛል። የሱ ዕድል ሆኖ ነው እንጂ እንዲህ ዓይነት ድንጉላ የለም ብሎኛል። ባዝራዬን ከመስቀል በፊት ላመጣ ነው፤ ይህችን ጨው ለዳማው ይውሰዱልኝ።»

ጨዉን ተቀበልሁ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

«አታምጣት» አልሁት። «ገንዲ አይደለም። በሽታው ከዳማው ነው የመጣባት። ሐኪሟ በጥር አስጠንቅቃኝ ነበር። አውቄ ነው።»

ፍቅሩ ቲቶን አየው። ቲቶ የሸጌን አንገት እያሻሸ ነበር፤ እጁ አላቆመም።

«ያን ቀን ጭራውን ሲያነሡ» አለ በመጨረሻ፣ «ጎንበስ ብዬ ባየው ኖሮ ይታይ ነበር?»

«አይታይም» ብዬ ብነግረው ጸጸቱ ይቀልለት ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ግን ለሱ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? ውሸት ሰልችቶኝ ነበር።

«ይታይ ነበር» አልሁ።

«እኔ አክብሬዎት ነው ያላየሁት።»

«አውቃለሁ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልሰደበኝም። ወደ ሸጌ ጀርባ ሄደና «ይምጡ፣ ጋሼ» አለኝ። ሄድሁ። ጭራዋን በቀስታ ከፍ አደረገ። አብጦ የቆሰለውን ገላዋን ዝንብ ወሮታል፤ ዳማው ላይ ያየሁት ነጫጭ ቦታ እሷም ላይ ወጥቷል። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ።

«አይዙሩ» አለ ቲቶ። ድምፁን አላነሣም። «ይዩ።»

ዞርሁና ጎንበስ አልሁ። እሱ «ይበቃል» እስኪለኝ ድረስ አየሁ።