ሁለት ወገብ

ያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴ እንደ ወትሮው ፎጣ ሳይዝ መታጠቢያ ቤት ገባ። «እሜቴ፣ ፎጣ!» ብሎ በበሩ ክፍተት እጁን ዘረጋ።

«አንድ ቀን ራስህንም ረስተህ ትመጣለህ» አልኩት። መዳፉ ላይ የነበረው ቅላት ወደ ጣቶቹ ወርዷል።

ሥራው የቧንቧ ብየዳ መመርመር ነበር። ጨረር የምትረጭ፣ ጥፍር የማትሞላ ብረት ብየዳው ላይ አስጠግቶ ፎቶ ያነሳል፤ ስንጥቅ ካለ ፎቶው ላይ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ብረቷ ከገመዷ ወልቃ ወደቀች። ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ በጉጠት ሊያነሳት ሞከረ፤ እያሟለጨች አስቸገረችው፤ በመጨረሻ በእጁ አንስቶ መያዣዋ ውስጥ ከተታት። «የያዝኳት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው» አለኝ። ደሙ ተወሰደ። እኔ በምሠራበት ቤተ ሙከራ የሠራተኛ ቤተሰብ ደም ስለማይመረመር ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። የገባበት ጨረር ትንሽ ከሆነ ይድናል፤ የምንጠብቀው ይህንኑ ነበር።

እኔ ደግሞ ከደም ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም አነባለሁ። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሴንትሮሜር የሚባል ጠባብ ቦታ አለው፤ በሥራ ቦታችን ወገብ እንለዋለን። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሙን የሚጎትተው በወገቡ ነው። ጨረር ሲቆርጠው ሕዋሱ ሊጠግን ይጣደፋል፤ አንዳንዴም የአንዱን ስባሪ ከሌላው ጋር ይገጥማል። ያኔ ባለ ሁለት ወገብ ይወለዳል፤ ወዲህና ወዲያ ተጎትቶ ይበጠሳል። እነዚህ በበዙ ቁጥር የገባው ጨረር ብዙ ነው።

የደም ናሙና መስታወቶቹ ላይ ያለውን ስም በፕላስተር የሚሸፍኑት ጋሼ የምንላቸው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ያን ቀን አንድ መስታወት ሰጡኝ። ማይክሮስኮፑን እንዳስተካከልኩ ባለ ሁለት ወገብ አየሁ፤ ጎኑ ሌላ፤ ቀጥሎ ባለ ሦስት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቁርሱን በልቶ ወጥቷል እንዳይሉኝ!»

ጋሼ ቀልድ መሬት የሚጥሉ ሰው አይደሉም። አሁን ግን አልሳቁም። እጃቸውን ወደ መስታወቱ ዘርግተው «ተይው ልጄ፣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አሉ።

የጀመርኩትን መስታወት ከእጄ ወስደው አያውቁም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«የባለቤቴን ደም መልሰው ላኩት?»

«መሣሪያቸው ተበላሽቶ። ሐኪሞቹ የጨረሩን መጠን ሳያውቁ ቢያክሙት ይጎዱታል፤ ካንቺ ዓይን የሚበልጥ ደግሞ የለኝም። ስሙን ካላየሽ ብዬ…»

«እንግዲያው ልጨርሰው፤ ብቻ አጠገቤ አይቁሙ።»

ጨረስኩት።

ማታ ባለቤቴ ጫማውን ሳያወልቅ «እሺ፣ ምን ተባለ?» አለ።

«ሕዋሶችህ ራሳቸውን ጠግነዋል።»

«ታዲያስ!»

«አጣመው ነው የጠገኑት።»

መዳፉን አገላብጦ አየው። «መጥፎ ብየዳ ነው በይኛ። እኛ እኮ ቆርጠን እናስደግማለን።»

«ይሄ አይቆረጥም።»

«እንግዲያው ቧንቧው ይጣላል» ብሎ ሳቀ። አብሬው ልስቅ ሞከርኩ።

ደሙ አልተካ አለ። ፀጉሩ ረገፈ፣ ድዱ ደማ፣ ከዚያ የበላው አልረጋለት አለ። ንባቤ ልክ እንደነበር ሐኪሞቹ ነገሩኝ። ክረምቱ ሳይገባ ሞተ።

ፎጣዎቹ ታጥበው መደርደሪያው ላይ ናቸው። ከመታጠቢያ ቤት የሚጠራኝ ሰው የለም።