ገመዱ ላይ ያሉት ሸሚዞች

ወንድሜ ባሕር ማዶ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «አደራ፣ ባዶ መሆኑን ሰው እንዳያውቅ» አለኝ። ያለው ያ ቤት ብቻ ነው፤ ጉልበቱን የጨረሰበት። እኔ ደግሞ አደራ ከተባልኩ እንቅልፍ የለኝም። የስፌት መኪናዬን ይዤ ገባሁ።

ሴት ብቻዋን መሆኗ ከታወቀ ግን ቤቱ ያው ባዶ ነው። ስለዚህ ባል ፈጠርኩ። ምን ይደረግ! ሦስት የወንድ ሸሚዝ ሰፍቼ፣ በየሁለት ቀኑ እያጠብኩ አጥሩ አጠገብ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። በረንዳው ላይ ትልልቅ ጫማ። በምሳ ሰዓት በመስኮት፣ «አንተ ሰውዬ! ምሳህ ቀዘቀዘ እኮ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጎረቤቴ እትዬ፣ «ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ምነው አይወጣም?» ሲሉኝ፣ «ዓይነ አፋር ነው» እላቸዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። እውነቱን ልናገር? አንዳንዴ መልስ እጠብቅ ነበር።

ታምሜ እህቴ ዘንድ አሥር ቀን ቆይቼ ስመለስ ቁልፌ አልከፍት አለ። አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ፣ «ማንን ፈለግሽ?» አይለኝም? በገዛ ደጄ! ተከራይ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ውል አለኝ ብሎ ድርቅ አለ።

ተካሰን የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ቀረብን። ውሉ ላይ የወንድሜን ፊርማ አስመስሎታል። ወንድሜ በስልክ «አልፈረምኩም!» ብሎ ቢጮህ፣ ኃላፊው «የስልክ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም» አለ። ሌባው ደግሞ ስለ ባሌ የሰፈሩን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ «ሚስቴ ነበረች፤ ተጣልተን ወጣች» ብሎ ሸሚዞቹን ከፌስታል አወጣ። «ልብሶቼም እነዚሁ!»

እትዬ ለምስክርነት ተጠሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ፊቱን አይቼ አላውቅም» አሉ። «ግን በየቀኑ ስትጠራው እሰማለሁ። ሸሚዞቹም የባሏ ናቸው።» ምን ይበሉ? ያሳመንኳቸው እኔው ነኝ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ያ የምትጠሪው ሰው ማነው?»

የወንድሜ ቤት ሊሄድ ነው፤ እኔ የማፍረው ግን እትዬን ነው።

«ማንም የለም» አልኩ። «ከፈለጋችሁ ሸሚዙን ይልበሰውና ይቆልፈው።»

ለበሰው። አዝራሩን ይዞ ማስገቢያ ቀዳዳ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ የለም። ሦስቱም ላይ የለም።

«ለማን ብዬ ቀዳዳ ላውጣለት?» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «የሚለብሰው ሰው የለም እኮ!»

ውሸቱ ተገለጠ፤ ውሉም ወደቀ፣ ቤቱ ተመለሰ። ወንድሜ በስልክ እየመረቀኝ አለቀሰ። እትዬ ግን ስለ ባሌ መጠየቅ ተዉ። «እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ» ብለው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ከስድብ ይከፋል።

ትናንት በምሳ ሰዓት ልማድ ሆኖብኝ መስኮቱን ከፈትኩ። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተመልሼ ተቀመጥኩና ብቻዬን በላሁ። ምሳው እውነትም ቀዝቅዞ ነበር።