በየቀኑ አንድ ጣት

«አስቀምጠው!»

ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሻይ የያዙት ሴቶች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ትልቁን የእንጨት ስፒከር ደረቱ ላይ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከክብደቱ የተነሳ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እትዬ፣ ሰው እኮ መቀመጫ አጣ» አለ እያለከለከ። «ኮሪደሩ ላይ ላቆያቸው ብዬ ነው። አንዱን አውጥቼዋለሁ፣ የቀረው ይሄ ብቻ ነው።»

«መቼ ነው ያወጣኸው?»

«ቅድም፣ አንቺ መኝታ ቤት ጋደም ባልሽበት።»

«ይሄ የያዝከው ቀኙ ነው?»

«ቀኝና ግራ አላቸው እንዴ?»

«መልሰው!»

«እሺ፣ የት ላድርገው?»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን አየች። ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፣ ምልክት አይዝም። ሳጥኑ የቆመበት ቦታ ላይ ገና ከመነሳቱ ወንበር ተደርድሮበታል፣ መቀመጫ ያጣው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ረግጦታል። ዋርሳዋ ክንዱ ሲዝልበት ሸክሙን ከግድግዳው አስጠግቶ አሳረፈው።

«እዚያ አይደለም» አለችው።

«ታዲያ የት?»

ወንበሮቹ መሃል ገብታ ወለሉን በእግሯ ጫፍ ዳሰሰች። ከወንበሮቹ በስተኋላ አንዲት ጎረቤት ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ «ለባሏ ያላነባችውን ለሳጥን ልታነባ ነው» አለች። ጓደኛዋም «ተይ እባክሽ፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም ሰምታለች፤ ግን አልከፋትም። የሚበላት ሌላ ነገር ነው። ባሏ በመጨረሻው ወር ሸሽቷታል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው የት ይሸሻል አይባልም፤ በዚያችው አልጋ ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቃት፣ እንደራቃት ሞተ። ይህን ለወለደቻት ልጇ እንኳ አልተናገረችም።

ሟቹ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ስፒከሮቹን በገዛ እጁ የሠራቸው በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው። እንጨት ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፤ የቁም ሳጥናቸውን ሁለት በሮች ነቀለ። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ቀሚሶቿ ያለ በር ተሰቅለው፣ ባሏ መጋዙን ይዞ ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«ጥሩ እንጨት ነው» አላት።

«አውቃለሁ፣ የኔ ነበር» አለችው።

ቁም ሳጥኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጋረጃ ይኖራል። ያንን እንኳ ይቅር ብላዋለች። ትልቁ ጠብ የመጣው ሳጥኖቹ አልቀው የት ይቀመጡ ሲባል ነው። ሰውየው በሱቁ ከማንም ጋር የሚስማማ፣ ለደንበኛ የማይከራከር ሰው ነበር፤ በዚህ ነገር ግን ፍንክች አይልም። ሳጥኖቹ ከግድግዳው አንድ ክንድ መራቅ አለባቸው፤ ከተጠጉ ድምፁ በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። የሚያዳምጠው ሰው ደግሞ ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት።

«ያን ጊዜ» ይላል በሁለቱ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ዘፋኙ መጥቶ እዚህ ይቆማል።»

«እኔ የሚታየኝ ግድግዳ ነው።»

«በጆሮሽ እዪው እንጂ!»

ሳሎኑ ግን አራት እርምጃ በሦስት ነው። ግራው ሳጥን ወደ ፊት ከወጣ በሩ አይከፈትም። ቀኙ ከወጣ ደግሞ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር መነሳት አለበት፤ ያለ መስኮት ብርሃን ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር እንዴት ይሰፋል? ሚዜዎች አምስት ስድስት ሆነው ለልክ ሲመጡስ የት ይቁሙ?

«ደንበኞቼን ዘፋኝህ ትከሻ ላይ አቁሜ ልለካቸው?» ትለው ነበር።

ስለዚህ ሳጥኖቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እሱም እጁን የሚሰጥ ሰው አልነበረምና፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጣት ከግድግዳው ያርቃቸዋል። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስትጠርግ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ትመልሳቸዋለች። እሱ ለምን መለስሽ ብሎ አይጠይቅም፣ እሷም ለምን ገፋህ አትልም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሆነው ኖሩ፤ አሁን ሲታሰብ ደግ ዘመን ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመጡት አብዛኞቹ ደንበኞቹ ነበሩ። አንዱ አሥራ ሁለት ዓመት ሞቶ የነበረ ሬዲዮውን እንዳስነሳለት ተናገረ። ሌላዋ «እጁ ወርቅ ነበር» አለች። ልብስ ሰፊዋ ለሁሉም ራሷን እየነቀነቀች አመሰገነች። ሰዉ ሳሳ ሲል ልጇ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የስፒከሩ ነገር ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ለምንም ነው እንዲህ የጮኽሽው?»

«ሻይ ቅጂላቸው፣ ሰው መጣ» አለቻት።

ምን ብላ ትንገራት? በሽታው እግሩን ከያዘው በኋላ አልጋውን ሳሎን አውጥተውለት ነበር፤ እሷም እየሰፋች እንድታየው፣ እሱም ካሴቱን እንዲሰማ። እግሩን ወደ ስፒከሮቹ አድርጎ በትራስ ተደግፎ ይውላል። የእሷ በርጩማ ከአልጋው በስተቀኝ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት የድሮ ካሴቱን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና ዓይኑን ጨፍኖ «በርሜል» አለ። ለእሷ አልነበረም ያለው፣ ለራሱ ነው።

እንቅልፍ ሲወስደው ተነስታ ቀኙን ሳጥን አንድ ጣት ወደ ፊት ገፋችው። በማግስቱም ገፋችው። የስፌት መኪናዋን ጎትታ ወደ ጨለማው ጥግ አስገባች፤ ክር ወደ መርፌ ቀዳዳ ስታስገባ ሦስት አራት ጊዜ ይስትባታል፣ ቢሆንም ግድ አልሰጣትም። ግራው በር ሥር ነው፤ እሱን ብትገፋው መርፌ ልትወጋው የምትመጣው ነርስ መግቢያ ታጣለች፤ ስለዚህ አልነካችውም። አንዱም ቢሆን ከምንም ይሻላል አለች። የሆነ ቀን ዞር ብሎ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» እስኪላት ጠበቀች። አላላትም።

መራቅ የጀመረው ያኔ ነው። ሲመሻሽ ካሴቱ ሲከፈት በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ እጁን ትይዘዋለች፤ እሱ ግን ቀስ እያለ ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ እጁም አብሮት ከእጇ ይወጣል። ትራሱን ታስተካክልና ወደ መሃል ትመልሰዋለች። ጥቂት ቆይቶ አሁንም ይንሸራተታል። በመጨረሻው ሳምንት ጭንቅላቱ አልጋው ጠርዝ ደርሶ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» ብትለው፣

«ምንም አልሆንኩ፣ ተዪኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ እጇን ሰብስባ ስፌቷን ያዘች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከለከለችውን፣ ሊሞት ሲል በጣት እየለካች ብትሰጠው ማን ይቀበላታል? ቂም ይዞብኝ ሄደ አለች በልቧ። ሳጥኑ የቆመባት ቦታ ለእሱ ካደረገችለት ነገር የመጨረሻዋ ነበረች፤ እሷም በሁለት ወንበር ምክንያት ጠፋች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ሽቦ መጣ። ሽቦ ከሟቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሃያ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። ዋርሳዋ ገና ሳይቀመጥ ያዘው።

«አንተ ባለሙያ ነህ። እባክህ እነዚህን ሳጥኖች ቦታቸውን አሲዝልኝና ከእትዬ ጋር አስታርቀኝ።»

ሽቦ ግራውን ከኮሪደር አስገብቶ በሩ ሥር አቆመው። ከስፌት መኪናው ላይ የልብስ ሰፊዋን ሜትር አንስቶ ከግድግዳው ለካና፣ ቀኙን በዚያው ልክ ሊያቆም ጎንበስ አለ።

«እኩል አልነበሩም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቀኙ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነበር።»

ሽቦ ቀና ሳይል «አውቃለሁ» አለ። «ዝም ትዪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ ነዋ።» ሽቦ ሳጥኑን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እሁድ እሁድ አንቺ ክር ልትገዢ ስትወጪ እመጣ አልነበር? አንድ ቀን ምን አለኝ መሰለሽ፣ 'ሚስቴ የተኛሁ እየመሰላት ቀኙን ትገፋዋለች። አንዱን ብቻ! ዘፋኙን ከመሃል አንስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ወስዳዋለች፤ እጅጌ መትከል ልታስተምረው ነው መሰለኝ' አለኝ። ሳሉ እስኪያፍነው ነው የሳቀው።»

«ሳቀ?»

«እንዴታ! ላስተካክልልህ ስለው ግን ተቆጣኝ። 'ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ያገኘሁትን ልታበላሽብኝ ነው? እንዳትነካት! እንዳትነግራትም። ካወቀች ታፍራለች፣ ካፈረች ትተወዋለች' አለኝ። እኔም አፌን ያዝኩ።»

«ታዲያ እንዲያ ተጣሞ እንዴት ያዳምጠው ነበር?» አለ ዋርሳዋ፣ ነገሩ ገርሞት።

«እሱማ ቀላል ነው። ቀኙ ወደ ሰውየው ሲቀርብ ድምፁ ሁሉ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሰውየው ያንኑ ያህል ወደ ግራ ጠጋ ካለ ከሁለቱም እኩል ይርቃል፤ ዘፋኙም መሃል ይመለሳል። እሷ በገፋች ቁጥር እሱ ይጠጋል፣ አለቀ።»

ልጅቱ የሻዩን ሳህን አስቀመጠች። «ለካ ለዚህ ነው! አባዬ እኮ ሁልጊዜ ከሰዓት ትራሴን ወደ ግራ ሳቢልኝ ይለኝ ነበር። ከመስኮቱ ነፋስ የሚሸሽ ነበር የመሰለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን አየቻቸው።

«እኔ እየመለስኩት ነበር» አለች። «ሲመሻሽ ሲመሻሽ ወደ መሃል እየመለስኩት ነበር። ፊቱን ያዞረብኝ መስሎኝ... ተዪኝ ሲለኝ ጠልቶኝ መስሎኝ...»

እየሳቀች ነው ስትባል ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ነው ስትባል ያ እጅጌ የሚተክል ዘፋኝ ይመጣባትና ያስቃታል። አራት ቀን ታፍኖ የቆየው ለቅሶ ያኔ መጣ። ማንም አላባበላትም።

«ይሄ እንደሚጎዳሽ ባውቅ ኖሮ ገና ሳይሞት በነገርኩሽ ነበር» አለ ሽቦ። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉ ለአፋቸው ይመስለኝ ነበር።»

ፊቷን በመሐረቧ ጠረገች። «የት ድረስ እንደገፋሁት አላውቅም። ቦታዋ ጠፋችብኝ» አለችው።

«እሱ ራሱን የሚያሳርፍበትን ቦታ ታውቂዋለሽ?»

ይህንንማ እንዴት ታጣዋለች? በየቀኑ ያነሳችው ራስ ነው። አልጋው ፈርሶ ወደ ጓዳ ገብቷል፤ ቦታውን ግን ከበርጩማዋ አንስታ በዓይኗ ለካችና ወንበር አምጥታ አስቀመጠች። ቆም ብላ አየችውና አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ አስጠጋችው። ከዚያ ተቀመጠች።

ሜትሩ ሲዘረጋ ከወንበሩ እስከ ሳጥኑ አልደረሰም። ልጅቱ ከስፌት መኪናው ላይ የክር ጥቅል አመጣች። ሽቦ የክሩን ጫፍ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቶ «ግንባርሽ ላይ ያዢልኝ» አላትና፣ ሌላውን እስከ ግራው ሳጥን ስቦ በልኩ በጥሰው። ያንኑ ክር ወደ ቀኝ አዞረው። «ግፋ» አለው ለዋርሳዋ። «አሁንም። ትንሽ። በቃ፣ በቃ!»

ክሩ ተወጠረ። ቀኙ ሳጥን ከግድግዳው ርቆ፣ የመስኮቱን ብርሃን በከፊል ጋርዶ፣ ከግራው ወንድሙ ጋር ጨርሶ ሳይመጣጠን ቆመ። ዋርሳዋ ላቡን ጠርጎ «አሁን ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እሷም በራሷ ንቅናቄ ልክ ነው አለችው።

በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ «እማዬ፣ ሰው መጥቷል፣ ወደዚህ ነይ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ አልተነሳችም። ቀኝ እጇን ወደ ጎን ሰደድ ስታደርግ ጣቶቿ በርጩማዋን ነኩት። ክንዷን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ለካ ያን ያህል አልራቃትም። ለቅሶ ደራሾቹ እየገቡ ሳለ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ በርጩማው ላይ አኖረችው፤ እዚያው ተወችው።