የአውዲው ጣሪያ

ወይኒቱ አብተው በአውዲው የኋላ ወንበር ላይ በጀርባዋ ተንጋላ የጣሪያውን ቅድ በእጇ ትለካለች። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው። እግሮቿ በተከፈተው በር ወጥተው ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ጫማዋም ግቢው ውስጥ አፈር ላይ ወድቋል።

"በቃ ተይው፣ ውጪ" አላት ውበቱ። "ቮልስዋገኑን ልወስድ ነው። ብረት እያለ በሸራ ምን አስጨነቀኝ?"

"መጀመሪያ ልየው። ከዚያ የፈለግኸውን ትወስዳለህ።"

ውበቱ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሰርግ መኪና ያከራያል። ያሉት ሁለት ነጫጭ መኪኖች ጣሪያቸው አይከፈትም። የአካባቢው ሙሽራ ሁሉ ተከፋች መኪና ፍለጋ ደሴ ሲሄድበት አንጀቱ ሲያርር ከርሞ፣ ዘንድሮ ጨክኖ አንድ ሊገዛ ነው። ሁለት ሻጮች ሁለት መኪና ግቢው ውስጥ አቁመውለት፣ "እስክንመለስ ምረጥ" ብለው ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊበሉ ሄደዋል። አንዱ ቮልስዋገን ነው፣ አንዱ አውዲ። ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ሁለቱም አራት ሰው ይይዛሉ፤ የሁለቱንም ሞተር መካኒኩ ጧት አይቶ ደህና ነው ብሏል። የሚለያዩት ከላይ ነው። የቮልስዋገኑ ጣሪያ ብረትና መስታወት ሲሆን፣ ቁልፉ ሲነካ ተነባብሮ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል። የአውዲው ግን ጥቁር ሸራ ነው፣ ያውም የተቀደደ ሸራ። የቀድሞ ባለቤቱ ለሰርግ ሲያስጌጠው አበባውን በሽቦ ጣሪያው ላይ አሰረ፤ ሙሽሮቹ "ክፈትልን" ሲሉት ደግሞ ሽቦውን ሳይፈታ ጣሪያውን አጠፈው። ሸራ በአበባ ተቀደደ ቢባል ማን ያምናል!

ስለ ሸራ በዚህ አገር የሚጠየቁት ጋሽ ሀሚዱ ናቸው። የጭነት መኪና ሸራ ይሁን የሰርግ ድንኳን፣ ለግሸን ንግሥ የሚወጣው ምዕመን የሚያድርበት ድንኳን ሳይቀር፣ "የሀሚዱ ስፌት ውሃ አያሳልፍም" ይባልለታል። እውነትም አያሳልፍም። ነገር ግን ጋሽ ሀሚዱ ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ካስቀመጡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ስድስቱን ዓመት ሙሉ የሰፋችው ወይኒቱ ናት። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከአምባሰል ገጠር መጥታ ክር ሰም በመቀባት ጀመረች፤ አሁን አርባ አንድ ሞልቷታል። የሱቁ ሰሌዳ ላይ ያለው ስም ግን የጋሽ ሀሚዱ ነው። ሰው ሁሉ "ሀሚዱ ሰፉት" ሲል እሷ ዝም ትላለች፤ ሰውየውን እንደ አባቷ ትወዳቸዋለቻ። ዝም ትበል እንጂ ነገሩ ያማታል።

ዛሬም ውበቱ ያስጠራው እሳቸውን ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው የበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"እሺ ጋሽ ሀሚዱ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ ምን አይቼ! ያየችው እሷ፤ እሷን ጠይቅ።"

"እሷማ እርስዎን ታግዛለች እንጂ..."

"ወላሂ ውበቱ፣ የኔስ ዓይን በእርጅና ነው፤ ያንተን ምን ጋረደው? ጠይቃት አልኩህ!"

ወይኒቱ ወጥታ ጫማዋን አጠለቀች። ልብሷን እያራገፈች ሁለቱን መኪኖች ዞራ አየች።

"ይሰፋል" አለች። "የጥሎሽ ሻንጣ ቤትህ አለ?"

"የምን ሻንጣ ነው ደግሞ?"

"ሚዜዎቹ ለሙሽሪት ቤት ይዘውት የሚገቡት። በየትኛው መኪና ነው የሚሄደው?"

"ከሙሽራው ጋራ ነዋ! ያን ሁሉ ወርቅና ልብስ ከዓይኑ ያርቀዋል እንዴ?"

"እንግዲያው አምጣው።"

ውበቱ እያጉረመረመ ገብቶ ስምንት ዓመት አልጋ ሥር የኖረውን የራሱን የጥሎሽ ሻንጣ ጎትቶ መጣ። የቮልስዋገኑን ቁልፍ ሲጫን ጣሪያው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተነባበረ፣ ከኋላ ገብቶ ተከደነ። ያምራል፤ ውበቱም የሠራው እሱ ይመስል ደረቱን ነፋ። ዕቃ መጫኛውን ከፍቶ ሻንጣውን ሊያስገባ ሲል ግን ቦታውን ጣሪያው ይዞታል። አጋደመው፣ አቆመው፣ በጉልበቱ ገፋው። አልገባም።

"ጣሪያውን ብዘጋው ይገባል" አለ ላቡን እየጠረገ።

"ዘግተህ ልትነዳው ነው እንዴ የምትገዛው?"

"ሚዜው ጭኑ ላይ ይያዘዋ።"

"ከኋላ ሙሽሮቹ፣ ከፊት ሹፌሩና አንደኛ ሚዜው። አራት ሰው ሞላ። ሚዜውን ከሻንጣ ሥር ቀብረህ ልታጅብ ነው?"

ጋሽ ሀሚዱ ከጥላው ሥር ሳቁ። ወይኒቱ የአውዲውን ሸራ አጠፈችው። ሸራ ነውና ተጣጥፎ ጠባብ ቦታ ያዘ፤ ሻንጣው ተጋድሞ ገባ፣ ክዳኑም ተዘጋ። ውበቱ የተዘጋውን ክዳን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው።

"ዝናብ ቢመጣስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሙሽራ መኪናዬ ውስጥ ከበሰበሰች እኮ እዚህ ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም።"

"እኔ ከሰፋሁት በኋላ አንዲት ጠብታ ካስገባ አትግዛው። ሐይቁ ዳር የመስኖ ፓምፕ አለ። እኔ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ አንተ ውሃውን ልቀቅብኝ።"

ውበቱ ለሻጩ ደወለ። ሻጩም፣ "ተቀዶ ከሚቀር ስፉት፣ ምን ከፋኝ" አለ።

ወይኒቱ ቅዱን ከውስጥም ከውጭም በሸራ ደገፈችው። በወስፌ እየበሳች፣ ሰም የጠጣውን ክር በመርፌ እያሳለፈች፣ እያንዳንዱን ስፌት በጉጠት ስባ አጠበቀች። የሸራው እጥፋት የሚያልፍበትን መስመር ሳትነካ፣ የድርቡን አፍ ውሃው ወደሚወርድበት አዞረችው። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ስታዘቀዝቅ ቀና አላለችም። ስትጨርስ ጋሽ ሀሚዱ በከዘራ እየተመሩ መጥተው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው ተመለሱ።

"ማሻአላህ። ይኼስ ከኔ ይበልጣል።"

"አይበልጥም ጋሼ።"

"ጣቴ አላረጀም፣ አትዋሽኝ።"

ወይኒቱ መሣሪያዋን የምትሰበስብ መስላ ጎንበስ አለች። እንባዋ መጥቶ ነበር።

ሦስቱም በአውዲው ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ወይኒቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከቅዱ ሥር ተቀመጠች። ጠብታ ከወረደ ነጠላው ላይ ይታያል። ውበቱ ከባለ ማሳው ተለምኖ የተገኘውን ቱቦ ይዞ ቆመ፤ ፓምፑ ተነሣ፤ ውሃው ጣሪያው ላይ ሲያርፍ መኪናው ውስጥ ሌላ ድምፅ የሚሰማ አልነበረም። ወይኒቱ ዓይኗን ከስፌቱ ላይ አልነቀለችም። በግሸን ድንኳኖች ሥር ስንት ሺህ ሰው በሷ ስፌት ተማምኖ ተኝቷል፤ እንዲህ ግን ፈርታ አታውቅም። ያኔ ቢያፈስ ኖሮ የሚታማው የሀሚዱ ስም ነበር። ዛሬ የሚታማው የራሷ ነው።

ፓምፑ ሲቆም በሩን ከፍታ ወጣች። ውበቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ እስከ ጫፉ አገላብጦ አየ። ደረቅ ነው።

"ገዛሁት!" ብሎ ጮኸ። "ለደንበኛ ሁሉ፣ የሀሚዱ ስፌት ነው እላለሁ! ማን አፉን ይከፍታል!"

ወይኒቱ ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣችና ወደ ጣሪያው ሄደች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልፈታው ነዋ። ጋሽ ሀሚዱ ይስፉልህ።"

"ኧረ በማርያም! ቀልድ ነው?"

"ፍቺው ልጄ" አሉ ጋሽ ሀሚዱ ጥርሳቸውን ፈገግ አድርገው። "እኔ ሰፍቼ እስክጨርስ ሙሽሮቹ የልጅ ልጅ ያያሉ።"

ውበቱ አንዴ መቀሱን አንዴ ሽማግሌውን አየ።

"እሺ፣ ምን ልበል?"

"ወይኒቱ አብተው ሰፋችው በል።"

"ወይኒቱ አብተው ሰፋችው" አለ ውበቱ። ከዚያ ባለ ማሳው እንዲሰማ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ ደገመው።

መቀሱ ወደ ቦርሳው ተመለሰ። ወይኒቱ ጋሽ ሀሚዱን ደግፋ ከፊት አስቀመጠቻቸውና እሷ ከኋላ፣ ሙሽሪት የምትቀመጥበት ላይ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ከተማው ላይ ጥሩ የአመሻሽ ፀሐይ አለ። ውበቱ መሪውን ይዞ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቁልፍ ሰደደ።

"ከፍቼ አንዴ ከተማውን ላዙራችሁ።"

"አትክፈተው።"

"በዚህ ፀሐይ? ተከፋች መኪና ገዝቼ ዘግቼ ልንዳ?"

"ከነገ ጀምሮ ክፈተው" አለች ወይኒቱ። "ዛሬ ተዘግቶ ይዙር። ሰው ስፌቱን ይየው።"